ከመቶ ወንድ ሃያ ሁለቱ! የቀሩትስ የት ገቡ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

መንግሥታት ቁጥር ይወዳሉ። የኛዎቹ ደግሞ ይብስባቸዋል። ስንት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ስንት ሚሊዮን ሕፃን ተመዘገበ፣ ስንት መማሪያ ክፍል ተሠራ እየተባለ በደርግም፣ በኢሕአዴግም፣ በብልጽግናም ዘመን በሬዲዮ ሲነበብልን ጆሯችን ደንዝዟል። አንድ ቁጥር ግን አለ፤ ካድሬ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሲያነበው ሰምተን የማናውቀው። እሱም፦ ዕድሜው 25 ዓመት ከሞላውና ከዚያ በላይ ከሆነው የአገራችን ወንድ ስንቱ ነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው? የሚለው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በየጊዜው በሚያወጣው የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ላይ ይሄን ቁጥር አገር ለአገር እያስተያየ ያትመዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣውን ብንይዝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ ጎልማሳ ወንዶች ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት 22 ብቻ ናቸው። ኬንያ 37፣ ኡጋንዳ 35፣ ደቡብ አፍሪካ 78፣ ደቡብ ኮሪያ ደግሞ 95 ገደማ። አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሩን አንዴ ደግመህ አንብበው። ከመቶ ሃያ ሁለት! ታዲያ ሰባ ስምንቱ የት ገባ?

«ለምን ስለ ወንድ ብቻ ታወራለህ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ የሴቶቹ ቁጥር ከመቶ 11 ተኩል ነው፤ የወንዱ ግማሽ ማለት ነው። ስለ ወንዱ ስናወራ እንግዲህ ዕድለኛ ስለተባለው፣ እህቱ ውሃ ስትቀዳ እሱ ደብተር ስለያዘው ወገን ማውራታችን ነው። ዕድለኛው እንዲህ ከሆነ ዕድለ ቢሷ ምን ላይ እንዳለች መገመት ነው።

ደረሰ ሌላ፣ ጨረሰ ሌላ

ይሄን ሰንጠረዥ አንድ የመንግሥት ካድሬ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚፈልገው ከኛ በታች ማን አለ? የሚለውን ነው። አለም። ሩዋንዳ 16፣ ታንዛኒያ 17 ገደማ ይላል። «አያችሁ! ከታንዛኒያ እንበልጣለን!» ለማለት ይሄ ይበቃዋል። ቆይ አንተ ወንድሜ፣ አትቸኩል!

ታንዛኒያ በኔሬሬ ዘመን፣ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሆን ብላ አንድ መንገድ መረጠች። ሁለተኛ ደረጃውን አጠበበችና የሰባት ዓመቱን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ለማዳረስ ተነሳች። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ «ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰ» ተብሎ ከተቆጠረው ታንዛኒያዊ መካከል ብዙው ሰባተኛን ጨርሶ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ ደብዳቤ ጽፎ የሚያድር ሰው ነው። የኛው «ያልደረሰ» ግን ማን ነው? የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ወንዶቻችን 28 ከመቶው፣ ከሴቶቻችን ደግሞ 48 ከመቶው ከነአካቴው ትምህርት ቤት አልገቡም። እነሱ ሰባተኛን ለሁሉም ለማዳረስ ሲሉ ነው ዘጠነኛን ያጠበቡት። እኛ አንደኛንም ለሁሉም ሳናዳርስ ነው እዚህ የደረስነው። ሁለቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ቢቀመጡም አንድ ነገር አይደሉም።

ሌላም አለ። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ሁለተኛ ደረጃን «የደረሰውን» ነው እንጂ «የጨረሰውን» አይደለም። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ደግሞ የኛ አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ተብሎ ስለሚያዝ፣ ሰባተኛ ክፍል የገባ ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ እንደደረሰ ይቆጠራል። እኛ ቤት «ሁለተኛ ደረጃ» ስንል ዘጠነኛና ከዚያ በላይ ማለታችን ነው። እንግዲህ ያቺ 22 እንኳ ውስጧ ሲፈተሽ ስምንተኛ ላይ ያቋረጠውም፣ ዘጠነኛን ሁለት ወር ተምሮ ወደ እርሻው የተመለሰውም ተደምሮባት ነው። በኛው መለኪያ፣ «አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ስንት ነው?» ብንል ምን ያህል እንደምታንስ አስቡት።

የጎልማሳው ቁጥር የታሪክ መጽሐፍ ነው

የሕፃናት ምዝገባ ቁጥር የዛሬን መንግሥት ያሳያል። የጎልማሳው ቁጥር ግን የሃምሳ ዓመቱን ነው የሚያሳየው። እያንዳንዱ ጎልማሳ ትምህርቱን ያቋረጠበትን ዓመት ተሸክሞ ይዞራል። ይሄን ለማየት ሩቅ አትሂዱ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችውን የደንዲ ወረዳ ከተማ ጊንጪን ውሰዱና ወንዶቿን በዕድሜ ደርድሯቸው።

ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ የሆነው ኦቦ፣ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ በነበረበት በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ፤ የላይኞቹ ክፍሎችና ዩኒቨርሲቲው ተዘጉ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ከዘመቻ ተመልሶ ደብተሩን ያነሳ አለ፤ ያላነሳ፣ ሊያነሳም ያልተረፈ አለ።

ዛሬ ስድሳ ገደማ የሆነውን ደግሞ በ1975 የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ጠበቀው። ያው ደርግ በ1971 በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕዝቡን ፊደል አስቆጥሮ ከዓለም ተሸልሟል፤ የሚመሰገነው ይመስገን። ነገር ግን በአንድ እጁ ፊደል የሰጠውን ወጣት በሌላው እጁ እየጎተተ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላከው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ወንበር እየቀነሰ የሄደው በፈተና ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ ያለው፣ ማለትም የኔ ዘመን ሰው፣ «አሥረኛ የጨረሰ» ትውልድ ነው። የሱን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ 25 እና 28 የሆነው ወጣትስ? እሱ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የአሥራ አምስት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነበር። በዚያ ወር ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ምን ብለው ወጡ? የትምህርት ቤቱ መጫወቻ ሜዳና የጪሊሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ነው። ኦሮሚያን ያዳረሰው፣ ኋላም ኢሕአዴግን ያናጋው ተቃውሞ የተነሳው ከዚያ ሜዳ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በሚያዝያ 2006፣ አምቦ ላይ በተማሪዎች ላይ ተተኩሶ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2008 ባወጣው ሪፖርት በኦሮሚያው ተቃውሞ ከ400 በላይ ሰው ሳይገደል እንዳልቀረ፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች እንደሆኑ ጽፏል። የታሰረው፣ የተሰደደው፣ ፈርቶ ከክፍል የቀረው ተማሪ ዛሬ 25 ዓመት ሞልቶት ወደ ሰንጠረዡ ገብቷል።  ለምን እንዳልጨረሰ የሚጻፍበት ዓምድ ግን ሰንጠረዡ የለውም!

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ያ ተቃውሞ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ወንበሩ ላይ አይኖሩም ነበር። እነሱ በተማሪው ደም ወንበር አገኙ፤ ተማሪው ግን የራሱን ወንበር፣ ያቺን የክፍል ውስጥ ወንበር፣ መልሶ አላገኘም። ከ2011 ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ያለው ግጭት የምዕራብ ሸዋን ገጠር ሰላም ነስቷል። የነገውን «ያልጨረሰ» ጎልማሳ ዛሬ እያመረትን ነው ማለት ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ» የሆነው ወረቀት

አሁን ወደ አሥረኛው ትውልድ እንመለስ። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፤ ዘጠኝና አሥር «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ»፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ደግሞ «መሰናዶ» ሆነ። ከ1993 ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና አሥረኛ ላይ ይሰጥ ጀመር። ጥቂቱ ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ የቀረው ቴክኒክና ሙያ ግባ፣ ወይም በ10 ሲደመር አንድ፣ በ10 ሲደመር ሦስት ሰልጥነህ አስተምር ተባለ። ያንን ሁሉ ዓመት መንግሥት ለወላጅም ለልጅም የነገረው አንድ ነገር ነው፦ «ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቋል። ይኸው ሰርተፊኬቱ!»

ኋላስ? ከ2012 ጀምሮ በአዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ መሠረት የአሥረኛው ፈተና ቀረ፤ ሁለተኛ ደረጃ ማለት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሆነ። በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጁ አሥረኛ ላይ ባይቆረጥ ደግ ነው። ግን በአንድ ሌሊት ያ «አጠናቋል» የተባለው ሰው «አቋርጧል» ወደሚለው ተራ ወረደ። ዕድል ከቀናው የሥራ ማስታወቂያው ላይ «በቀድሞው ካሪኩለም አሥረኛ ያጠናቀቀ» የምትል ቅጥያ ትጨመርለታለች። ቀድሞው! እንደ ሟች በ«ቀድሞ» የሚጠራ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው! «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይሄ ነው። ፖሊሲውን ያወጣው ሌላ፣ የለወጠው ሌላ፣ የተመታው እሱ።

ጊንጪ መናኸሪያ ሂዱና ጠይቁ። ባጃጅ የሚነዳውን፣ የጤፍ ኩንታል የሚያወርደውን፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረውን «ስንተኛ ነህ?» በሉት። «አሥረኛ ጨርሻለሁ» ይላችኋል፤ አንዳንዱ በኩራት፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ። ይሄ ሰው ሰነፍ ነው? ትምህርት ጠልቶ ነው? ገበሬ አባቱ በሬ ሸጦ ጊንጪ ቤት ተከራይቶለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተጫነለት የተማረ ነው እኮ!

የዚህ አካባቢ ሰው ትምህርት ናፋቂ መሆኑ ደግሞ የቆየ ነው። አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተባት በ1939 ዓ.ም. ነው። ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አዲስ አበባ፣ ጀነራል ዊንጌት ድረስ መምጣት ነበረበት። ያኔ ትምህርት ቤት አልነበረም ተባለ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ግን ምን ያስወጣል? በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጠው ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ማሳለፍ አልቻሉም። አንድ እንኳ! ፈተናው ኩረጃ መከላከሉ ይመስገን፤ ግን ይሄ ውጤት የተማሪው ብቻ ነው እንዴ? አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሮ ያላስተማረውስ ማን ይፈተነው?

ኮሪያስ እንዴት ቻለች?

ኮሪያን ስንጠራ ሁሌም ቃኘው ሻለቃን ነው የምናነሳው። በ1943 ዓ.ም. ወታደር ልከን አዳንናቸው፣ ዛሬ እነሱ የት፣ እኛ የት እያልን እንቆዝማለን። ቁዘማ ግን ትምህርት ቤት አይሠራም። ከጃፓን ቅኝ ግዛት በ1945 እ.ኤ.አ. ስትላቀቅ የኮሪያ ጎልማሳ አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። ጦርነቱ እንዳበቃ ከ1954 ጀምሮ አንደኛ ደረጃን ለሁሉም ልጅ አዳረሱ። በ1969 ወደ መካከለኛ ደረጃ መግቢያ የነበረውን ፈተና ማንሳት ጀመሩ። ልብ በሉ! ልጅ የሚቆረጥበትን ፈተና እኛ አሥረኛ ላይ ከመትከላችን ከሠላሳ ዓመት በፊት እነሱ መንቀል ጀምረው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ልብ የሚያስብለው በ1974 ያደረጉት ነው። በድህነት ምክንያት ትምህርት አቋርጦ ፋብሪካ ለገባው ጎልማሳ በሬዲዮና በመልእክት የሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱለት። «ዕድሜህ አልፏል» አላሉትም። አሜሪካኖችም በ1942፣ ትምህርቱን ጥሎ የዘመተው ወታደር ሲመለስ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያን የሚተካ ፈተና አዘጋጁለት፤ ያ ፈተና ኋላ ለሲቪሉም ተርፏል። ኬንያውያን ደግሞ በ1963 ነፃ ሲወጡ መንግሥትን ብቻ አልጠበቁም፤ «ሐራምቤ» ብለው ገበሬው እያዋጣ በየመንደሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። የኬንያ 37 እና የኛ 22 ልዩነት አንዱ ምንጭ ያ ነው።

እኛስ ጋ? በ1966 የሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ አብዛኛውን የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊያቆመው ነው ተብሎ መምህራን ሥራ አቁመው፣ አብዮቱ ከተቀጣጠለባቸው እሳቶች አንዱ ሆኖ ነበር። አራተኛ ላይ አንቆምም ብሎ ዘውድ የገለበጠ አገር፣ አሥረኛ ላይ ቁም ሲባል ዝም አለ።

ገንዘቡ የለም?

«በጀት የለም» ይሉናል። «ገበታ ለሀገር» ተብሎ አንድ እራት በ10 ሚሊዮንና በ5 ሚሊዮን ብር ተበልቶበታል። ከዚያ ገንዘብ ከሚሠሩት አንዱ የወንጪና ደንዲ መዝናኛ ነው። መንገዱ ተሠራ፣ ሎጁ ቆመ። መልካም ነው፤ ሐይቁ ይታይ፣ እንግዳም ይምጣ። ለደንዲ ልጅ ግን ከሎጁ የሚደርሰው የትኛው ሥራ ነው? ሒሳብ ክፍሉ? እንግዳ መቀበያው? ወይስ ፈረስ መሳቡና በር መጠበቁ? ለሐይቁ ቢሊዮን ሲገኝ፣ ሐይቁ ዳር ለተወለደው ሰው የማታ ክፍል መብራትና የአስተማሪ አበል ጠፋ ቢሉን ማን ያምናል? «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሏል ይሄ ነው።

«ጎልማሳውን ተወውና ሕፃኑ ላይ ይሠራ» የሚሉም አሉ። የሠላሳ ዓመት ሰው ገና ሠላሳ ዓመት የሚሠራ ነው። ደግሞስ የሕፃኑን ደብተር ማታ የሚያየው፣ «ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ» ብሎ በሬ ጥበቃ የሚያስቀረው ማን ሆነና? አባቱ አይደለም እንዴ? «ቢማርስ ሥራ የት አለ?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ወረቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ያለ ወረቀት ግን በሩን እንኳ ማንኳኳት አይቻልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የገባውን ብቻ ሳይሆን የጨረሰውን ይቁጠር፤ በየወረዳው፣ በየዕድሜው፣ ወንዱንም ሴቷንም ለይቶ ይንገረን። ሁለተኛ፣ በ1993 እና በ2011 መካከል አሥረኛን ለፈጸመው ትውልድ መንግሥት ራሱ ያፈረሰውን ድልድይ ራሱ ይሥራ፤ ቀሪዋን ሁለት ዓመት ሥራውን ሳይለቅ የሚማርበትና የሚፈተንበት አጭር መንገድ ያዘጋጅለት። ሦስተኛ፣ ጊንጪን በመሰለ ወረዳ ከተማ ሁሉ፣ ቀን ልጆች የሚማሩበት ክፍል ማታ ለጎልማሳው ይከፈት፤ አስተማሪውም የማታውን አበል በወቅቱ ያግኝ። የጎልማሶች ትምህርት ተብሎ ፊደልና ሒሳብ ላይ የሚቆመው ነገር ብቻውን አይበቃም፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚሄድበት ክፍል ይፈልጋል። አራተኛና ከሁሉም በፊት፣ ትምህርት ቤት የጦርነት ሜዳ መሆኑ ይቁም። ተማሪን እያሰሩና እያሸበሩ «የትምህርት ጥራት» ማለት ቀልድ ነው።

ሰንጠረዡ በየጊዜው ይወጣል። ካድሬው ከኛ በታች ማን እንዳለ ይፈልግበት። እኛ ግን ከዚያ ወረቀት ላይ የሌለውን ዓምድ እንጠይቃለን፦ ሰባ ስምንቱን ወንድ ከክፍል ያወጣው ማን ነው? ዘመቻው፣ ውትድርናው፣ ጥይቱ፣ ፖሊሲው። የአራቱም ፊርማ የመንግሥት ነው። ያወጣ ይመልስ!